የዛቢል ፓርክ «እናቶች» ልጆቻቸው ጎንደር ናቸው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ስለ ዱባዩ ዛቢል ፓርክ ያወጣችሁትን ዘገባ እዚህ ጎንደር ብዙ ሰው ተቀባብሎ አንብቦታል። ስፋቱ 47 ሄክታር ተኩል ገደማ ነው ብላችኋል፣ ልክ ነው። መግቢያው 5 ድርሃም ነው፣ እሱም ልክ ነው። 150 ሜትር ከፍታ ያለው፣ የፎቶ ፍሬም የሚመስለው ሕንፃ፣ የዱባይ ፍሬምም እዚያው ነው ያለው። እኔን ያናደደኝ ከፎቶው ሥር የጻፋችሁት ነው፦ «ልጆቻቸውን የሚያዝናኑ እናቶች»።

የሕፃን ጋሪ የሚገፉት እነዚያ ሴቶች የቤት ሠራተኞች ናቸው። ከፎቶ እንዴት ይታወቃል ትሉኝ ይሆናል። የለበሱት ዩኒፎርም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባይታይስ፣ ዘጋቢው ጠጋ ብሎ መጠየቅ ምን ከለከለው? እርግጥ ብዙዎቹ እናቶች ናቸው። ልጆቻቸው ግን ያሉት ጎንደር፣ ደሴ፣ ጅማ ነው። እኔም እዚያው ፓርክ የማዳምን ልጅ ዥዋዥዌ ሳጫውት የራሴ ልጅ አዘዞ እናቴ ጋር ነበር። መራመድ ሲጀምር ያየሁት በስልክ ነው። በፓርኩ ያለ እኛ የሚውል ሕፃን ስንት ነው? ታዲያ በአንድ ሙሉ ገጽ ዘገባ ውስጥ ስለ እኛ አንድ መስመር እንኳ እንዴት ይጠፋል?

«ለሁሉም ክፍት ነው» ያላችሁትም አልተዋጠልኝም። በሩ ክፍት ነው፣ አልካድኩም። የአገሩ ሕግም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን እረፍት ይፈቅዳል። እኔ ግን ያን ቀን አላየሁትም። ፓርኩ የገባሁት ሁሌም ለሥራ ነው። ሣሩ ላይ አረፍ ብዬ ቡና የጠጣሁበት ቀን የለም።

ሣሩ በበረሃ መሀል እንዴት እንደለመለመ ደግሞ አድንቃችሁ ብቻ አለፋችሁት። የዱባይ ፓርኮች በብዛት የሚጠጡት ከየቤቱ ወጥቶ የተጣራ ፍሳሽ ነው። እኛ ዕቃ ያጠብንበት፣ ልብስ የዘፈዘፍንበት ውኃ ማለት ነው። እሱም የእኛ ድካም አለበት።

ሌላው ምክራችሁ ደግሞ ሰው ይጎዳል። በክረምቱ የትምህርት እረፍት ቤተሰብ ይዛችሁ ሂዱ ብላችኋል። ሐምሌ ጎንደር ላይ ጃኬት ያስለብሳል፤ ዱባይ ላይ ግን ቀኑ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የመጫወቻው ብረት እጅ ያቃጥላል። በዚያ ወቅት ማዳሞቹ ራሳቸው ልጆቹን ይዘን እንድንወጣ የሚፈቅዱት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። መሄድ የሚችል ሰው ከኅዳር እስከ የካቲት ቢሄድ ይሻለዋል።

ከፎቶው ሥር ያለውን ጽሑፍ አስተካክሉልን። ዘጋቢያችሁም ስለ አረብ አገር ፓርክ ሌላ ጊዜ ሲጽፍ መጀመሪያ እኛን ይጠይቅ። አዘዞም፣ ፒያሳም፣ ማራኪም ተመላሽ ሞልቷል፤ የትኛው ዛፍ ጥላ እንዳለው እንኳ እንነግረዋለን።

ከአረብ አገር ተመላሽ እናት
አዘዞ፣ ጎንደር