ወደ ሂሎ ለምትጓዘው ልጄ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው ሳምንት ስትደውልልኝ ከጓደኞችህ ጋር ወደ ሃዋይ እንደምትሄድ፣ በትልቁ ደሴት ምሥራቃዊ ዳርቻ ባለችው ከተማ በሂሎ የምታድረው ግን አንድ ሌሊት ብቻ እንደሆነና የቀረውን ጊዜ በደሴቱ ምዕራባዊ ዳርቻ ባሉት ሆቴሎች ለማሳለፍ እንዳሰብክ ነግረኸኝ ነበር። ያን ጊዜ ዝም ያልኩት ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው። አንድ ሌሊት አይበቃም፤ ቢያንስ አራት ቀን ስጣት ብዬ እለምንሃለሁ፤ ምክንያቴንም እጽፍልሃለሁ።

እኔና አክስትህ ወደ ሂሎ የሄድነው በ2016 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ነበር። ከአውሮፕላን ስንወርድ የተቀበለን ዝናብ ነው፤ እስክንመለስም ድረስ ሳይጥል የዋለበት ቀን አልነበረም። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ከውቅያኖሱ ይዞ የሚመጣውን እርጥበት ማውና ኬያና ማውና ሎዋ የተባሉት ሁለት ታላላቅ ተራሮች ስለሚያግዱት፣ ዝናቡ ከተማዋ ላይ ይራገፋል። በዓመት 3,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ ይህም ካደግሁባት ከጅማ እጥፍ በላይ ነው። ፀሐይ ለመሞቅ ለሚሻ ሰው ሂሎ አትሆንም። እኔን ግን ሙዙ፣ ዝንጅብሉ፣ ሐረግ የወረሰው ዛፍ ሁሉ ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የነካው የገበታቸው ነገር ነው። ጿሚዎች ስለነበርን ሥጋም ዓሣም የሌለበት ምግብ ስንጠይቅ፣ አንዲት ሴት በጎድጓዳ የእንጨት ሳህን ግራጫ ሐምራዊ ገንፎ መሳይ ነገር አቀረበችልን፤ ፖይ ይሉታል። በጣቴ ጠቅሼ ስቀምሰው ጎደሬ ሆኖ አገኘሁት። እነርሱ ካሎ ይሉታል፤ አያትህ በክረምት እህል ሲያጥር ቀቅላ ታበላን የነበረው ያው ጎደሬ ነው። ሃዋያውያን ሥሩን ቀቅለው በድንጋይ ወቅጠው በውሃ ያቀጥኑታል፤ ሁለት ሦስት ቀን ሲያድርም እንደ ቡሖ ይኮመጥጣል፣ የሚወዱትም እንዲያ ሲሆን ነው። እንደ ጥንት ትረካቸው የሰማይ አባት የዋኬያ የመጀመሪያ ልጅ ሳይተነፍስ ተወልዶ ቢቀበር ከመቃብሩ ካሎ በቀለ፤ ሁለተኛው ልጅ ደግሞ ሃሎዋ የተባለው የሰዎች አባት ሆነ። ስለዚህ ካሎ ለእነርሱ ተክል ብቻ ሳይሆን ታላቅ ወንድም ነው፤ የፖይ ሳህን ክፍት ሆኖ ሳለም መጨቃጨቅ ነውር ነው። እኛ ጎደሬን የድሃ ምግብ እያልን ማፈራችንን አስታውሼ ከልቤ አዘንኩ።

በሂሎ ገበያ ካሉት ሻጮች አንዲቱ አራት ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ ይዛ ነበር። እናትየዋ ልጇን በሃዋይኛ ስትጠራት ልጅቷ ዞር ብላ ቃሉን አረመቻት፤ እናትየዋም አልተቆጣችም፣ ደግማ በትክክል ተናገረችው። ቆይቼ ስጠይቃት የገዛ እናቷ አንድም የሃዋይኛ ቃል እንደማትችል፣ እርሷም ከልጇ ጋር እየተማረች እንደሆነ ነገረችኝ። የሃዋይ ንግሥት ሊሊዑኦካላኒ እ.ኤ.አ. በ1893 ከዙፋን ከተወገደች ከሦስት ዓመት በኋላ በወጣው ሕግ ምክንያት ሃዋይኛ ከትምህርት ቤት ተባረረ፤ ከዘጠና ዓመት ገደማ በኋላም፣ ኒኢሃው ከምትባለው ትንሽ ደሴት በስተቀር፣ ቋንቋውን የሚናገሩት ሕፃናት ከ50 እንደማይበልጡ ይነገር ነበር። ጥቂት መምህራን እ.ኤ.አ. በ1983 ተሰባስበው ፑናና ሌዎ፣ ማለትም የቋንቋ ጎጆ፣ የተባሉትን የሕፃናት ትምህርት ቤቶች ጀመሩ፤ ወላጆችም አብረው የመማር ግዴታ ገቡ። ዛሬ በሂሎ ዩኒቨርሲቲ አንድ ሰው በሃዋይኛ እስከ ዶክትሬት ድረስ መማር ይችላል። አንተ ትምህርት ስትጀምር ከአስተማሪዎችህ አንዷ በቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ እንድናገርህ መከረችኝ፤ ሁለት ዓመት ያህልም ሰማኋት። ያች እናት ፊት ቆሜ ያሰብኩት ያንን ሁለት ዓመት ነው።

ከቻልክ ጉዞህን ከምዕራባውያኑ ፋሲካ ቀጥሎ ባለው ሳምንት አድርገው፤ ያን ጊዜ ሜሪ ሞናርክ የተባለው የሁላ፣ ማለትም የሃዋያውያን ባህላዊ ውዝዋዜ፣ በዓል ይከበራል። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ1963 የተጀመረው ሁላን በአደባባይ ዳግም ላስከበረው ለንጉሥ ካላካዋ መታሰቢያነት ነው። የውድድሩን መግቢያ ማግኘት ከባድ ቢሆንም የረቡዕ ምሽቱን በነጻ ገብተን አየን። በመዝሙር ቤት ያደገ ሰው የሚያውቀውን ሥርዓት አየሁበት ብል አጋነንሽው አትበለኝ፤ የተቀደሰውን ከሌላው ጋር ማመሳሰሌ ሳይሆን፣ እጅና እግር ከቃሉ ቀድሞም ወደ ኋላ ቀርቶም የማይንቀሳቀስ መሆኑን ማለቴ ነው። ምቱን የሚሰጠው ኢፑ የሚሉት ቅል ነው፤ ሽማግሌው መሬት ላይ ሲመታው ድምፁ በደረቴ ውስጥ ያልፍ ነበር።

ከሂሎ በመኪና ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ኪላውያ እሳተ ገሞራ ትደርሳለህ። እኛ በሄድንበት ሳምንት እሳቱ ተኝቶ ስለነበር ያየነው እንፋሎቱን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን የቀለጠው ዐለት በስተምሥራቅ ፈንድቶ ከ700 በላይ ቤቶችን በላ። በጠቆረው ዐለት ስንጥቅ ውስጥ ቀይ አበባ የሚያወጣ ኦሂያ የሚባል ዛፍ ቀድሞ ይበቅላል፤ እርሱንም ዛሬ በሽታ እየጨረሰው ስለሆነ በየመንገዱ መግቢያ ጫማህን በተዘጋጀው ብሩሽ ጥረግ። ከዐለቱም ጠጠር እንኳ ለማስታወሻ ብለህ አታንሳ። ደግሞ በደሴቱ የሚኖረውን ሁሉ ሃዋያዊ ብለህ አትጥራ፤ ያ ስም የጥንቱ ሕዝብ ልጆች ነው።

የባሕሩ ዳር ሰፊ አረንጓዴ መስክ ነው፤ ጎብኚው ውበቱን አድንቆ ያልፋል። እዚያ ግን ሺንማቺ የተባለ የጃፓን ስደተኞች ሰፈር ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 1946 የመጣው ሱናሚ ጠራርጎት፣ ነዋሪዎቹ መልሰው ሠሩት። እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 1960 በቺሊ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ያስነሣው ማዕበል ደግሞ ውቅያኖሱን አሥራ አምስት ሰዓት ያህል አቋርጦ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ደረሰ። የማስጠንቀቂያው ጩኸት ቀድሞ ተሰምቶ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ማዕበሎች ትንንሽ ስለነበሩ ግን ወደ ቤታቸው የተመለሱ ነበሩ። 61 ሰዎች ሞቱ፤ ሰፈሩም ዳግመኛ አልተሠራም።

በካሜሃሜሃ ጎዳና ዳር ከዚያ ሌሊት የተረፈ ሰዓት ቆሟል። ቆጣሪዎቹን ሆን ብለው እንደቆሙ ትተዋቸዋል፤ 1 ሰዓት ከ4 ደቂቃ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ4። አክስትህና እኔ ዣንጥላ ይዘን ሥሩ ቆመን ሳለን አንድ ሽማግሌ መጥቶ ኮፍያውን አወለቀ፤ አንዳች ሳይናገር ጥቂት ቆይቶ በዝናቡ ውስጥ ሄደ። አንተም እዚያ ስትደርስ ደውልልኝ፤ የትኛውም ሰዓት ቢሆን አነሣለሁ።

እናትህ