ዲስትሪቢዩተር ሲመለስ ትንሿ ሞላ አትረሳ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ አሮጌ መኪና ጥገና በሚሰጡ ምክሮች ዲስትሪቢዩተር (ኤሌክትሪኩን ለካንዴላዎቹ በየተራ የሚያከፋፍለውን ዕቃ) አውጥቶ መመለስ ብዙ ጊዜ በአንድ አረፍተ ነገር ይታለፋል። በአየር የሚቀዘቅዘውን የቮልስ ሞተር ለሚነካ ሰው ይህ አይበቃም፤ አደጋው ያለው ከስሩ ባሉት ጥቃቅን ዕቃዎች ነው።

ዲስትሪቢዩተሩ ተስቦ ሲወጣ ከስሩ ባለው አዟሪ ጥርስ አናት ላይ አንዲት ትንሽ ሞላ አለች። አንዳንዴ በዘይት ተጣብቃ ከዘንጉ ጋር ትወጣና ሳትታይ ትወድቃለች። መጀመሪያ የት እንዳለች ይረጋገጥ፤ ከዚያ ቀዳዳው ወዲያው በንጹህ ጨርቅ ይደፈን፣ የጨርቁም ጫፍ ውጭ ይቅር። ስትመለስ ቀጭን ዘንግ ጥርሱ መሃል ይቁምና ሞላዋ በእሱ ላይ ተንሸራትታ ትውረድ። ስሯን ወፈር ያለ ግራሶ ቢነኩት ቦታዋን አትለቅም። ያለ እሷ ሞተሩ ሊነሳ ይችላል፤ ግን አዟሪው ስለሚጫወት ፋዙ (ብልጭታው የሚሰጥበት ጊዜ) አይረጋም።

አዟሪ ጥርሱ ራሱ ከተነሳ ነገሩ ይከብዳል፤ ከስሩ ያለው ሮንዴላ (ቀለበት መሰል ስስ ብረት) ወደ ሞተሩ ሆድ ሊገባ ይችላል። ከወደቀ ሞተሩ በእጅ እንኳ አይዙር፤ ጥርስ መሃል ከተነከሰ በኮሎው (ፒስተኖቹ በሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ላይ ያለውን የነሐስ ጥርስ ያበላሻል። ደግነቱ የሞተሩ ቤት የማግኒዥየም ቅይጥ ስለሆነ ማግኔት አይዘውም፤ የብረቱን ሮንዴላ ግን ይይዛል። ረጅም እጀታ ያለው ማግኔት በቀዳዳው ገብቶ በዝግታ ይፈልግ። ካልተገኘ ዘይቱ ይፍሰስ፣ ከስር ያለው የወንፊት ክዳን 6 ዳዶዎቹ ተፈተው ይከፈት።

ፑንቲናውን (ብልጭታ እንዲፈጠር ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠውን መገናኛ) የምትይዘዋ ብሎንም አትናቅ። ፑንቲናው የተቀመጠበት ሳህን ስር ከገባች ፋዝ የሚያስቀድሙትን ክብደቶች ልታስር ትችላለች። የካቻቢቴው ጫፍ ግራሶ ይቀባ፤ ከተቻለ ፑንቲናው ዲስትሪቢዩተሩ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀየር።

የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ጫፍ ከመሃል ፈቀቅ ብሎ ስለተሰራ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይገጥማል። አልገባም ካለ ሮተሩን (በዘንጉ አናት ላይ የሚዞረውን ክፍል) ቀስ እያሉ ማዞር እንጂ የማቀፊያውን ዳዶ በ13 ቁልፍ አጥብቆ ማስገባት አይገባም፤ ማቀፊያው ይጣመማል። በትክክል ከተቀመጠ በኋላ የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር መሆኑ ይለካና ፋዙ ይስተካከል፤ ክፍተቱ ሲቀየር ፋዙም ይቀየራልና ቅደም ተከተሉ አይገልበጥ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ