እማዬ፣ ያንን እንጨት አትሽጪው

ደሴ፣ ጥቅምት

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከጦሳ የሚወርደው ብርድ ግን ዘንድሮ ቶሎ ጀምሯል። የላክሽልኝን በሶ ጠዋት ጠዋት በጥብጬ ጠጥቼ ነው ከቤት የምወጣው።

ባለፈው በስልክ ስትቆጪኝ ዝም ያልኩት ቃል ልመልስልሽ ስላልፈለግሁ ነው። ወንድሜ የቤቴን ፎቶ ሲያሳይሽ፣ «ልጄ ምን ቸግሯት ነው አሮጌ በር ጠረጴዛ አድርጋ ሳሎኗ ያስገባችው? ሰውስ ምን ይላል?» ብለሻል። አልቸገረኝም እማዬ። እንደ ሰው በዱቤም ቢሆን አዲስ ጠረጴዛ መግዛት እችል ነበር። አስቤበት ያደረግሁት ነው። እስቲ ቁጭ ብዬ ላስረዳሽ።

አምና የቤታችን በር በብረት በር ሲቀየር አሮጌውን ከኩታበር በአይሱዙ ጭኜ ሳመጣው የሰፈሩ ሰው ማገዶ የገዛሁ መስሎት ነበር። አናጢው ራሱ «ይሄ ደግሞ ለምን ይሆናል?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሳንቃው ከጥቀርሻ ብዛት ከሰል መስሏል። ውሃ አፍልቼ፣ አመድ ነስንሼ በብሩሽ ፈተግሁት። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ጥቁሩ ሲለቅ ከሥሩ ቀይ ጥድ ብቅ አለ። አናጢው በመላጊያ ትንሽ ሲነካው ደግሞ ሽታው ቤቱን ሞላው። ያንን ሽታ ታውቂዋለሽ። አባዬ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የልብስ ሳጥኑን ሲከፍት የሚመጣው ነው።

ከመቀርቀሪያው በላይ ምላስ የመሰለ የተቃጠለ ቦታ አለ። አናጢው «ይሄን ልላገው» ሲል እጁን ያዝኩት። ሚስማር መትቼ ኩራዜን የማንጠለጥልበት ነበር። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሳጠና እንቅልፍ ጥሎኝ እሳቱ ሳንቃውን ሲልሰው በነጠላሽ ያጠፋሽው አንቺ ነሽ። ዛሬ ረከቦቱን የማስቀምጠው እዚያው ምልክት አጠገብ ነው።

እንጨቱ ደግሞ እንጨት ነው። ጥድን ምስጥ አይደፍረውም። እንደዚህ ያለ ወፍራም ጥድ አሁን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ የት ይገኛል? አዲስ ልግዛ ብል የሚሰጡኝ ቺፑድ ነው፤ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ሁለተኛ ሚስማር አይዝም። ይምርሃነ ክርስቶስን ተሳልመሽ የተመለስሽ ጊዜ ያወራሽልን ትዝ ይልሻል? ዋሻው ውስጥ ያለው ቤተ ክርስቲያን አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ነጭ ልስን እየሆነ የተሠራ ነው። ከ800 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ እንጨቱ ዛሬም ቆሟል። ዋሻው ከዝናብ ስለከለለው ነው። የእኛም ጥድ ውሃ ካልነካው የልጅ ልጅ ያይበታል።

ሁሉም ቀናኝ ልልሽ ግን አልችልም። ጓዳው ሲፈርስ የወጣውን የባሕር ዛፍ አጠና መደርደሪያ ላደርገው አምጥቼ ነበር። ሳምንት ሳይሞላው ወለሉ ላይ ዱቄት የመሰለ ነገር አየሁ። ነቅዞ ኖሯል። ወደ ጥዱ ሳይተላለፍ አውጥቼ አቃጠልኩት።

አንድ ቀን ደግሞ በጣም ደነገጥኩ። ጠረጴዛውን በቫርኒሽ ፈንታ የተልባ ዘይት ነው የቀባሁት፤ የእንጨቱን ቀለም ደማቅ ያደርገዋል። የቀባሁበትን ጨርቅ ጨምድጄ ጥግ ላይ ጣልኩት። ማታ ጎረቤቴ «የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ» ብላ ስታንኳኳ ጨርቁ ይጨሳል። ክብሪት የነካው ሰው የለም። ለካ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፤ ጨርቁ ከተጨማደደ ሙቀቱ መውጫ ያጣና በራሱ ይቀጣጠላል። አሁን ደጅ ዘርግቼ ነው የማደርቀው። አንቺም ጋ እንዲህ የሚሠራ ሰው ካለ ንገሪልኝ።

አልጋዬን የሠራሁት ኮምቦልቻ በገዛሁት የዕቃ መጫኛ ፓሌት ነው። እሱም ቢሆን ማህተሙ ታይቶ ነው የሚገዛው። «ኤችቲ» የሚል ከሆነ እንጨቱ እስከ ውስጡ 56 ዲግሪ ሞቆ 30 ደቂቃ የቆየ ነው፤ ተባዩ በሙቀት ሞቷል። «ኤምቢ» የሚለው በመርዝ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ቤት አይገባም።

ደግሞስ እማዬ፣ ይህን ከማን አየሁት? አንቺ ጋቢ አለቀ ብለሽ ስትጥዪ አላየሁም። መጀመሪያ የሕፃን መጠቅለያ፣ ሲብስበት የምጣድ ማሰሻ ይሆናል። ኩራዛችን እንኳ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ነበር። እኔም የተቀደደውን ቀሚስሽን ጥለቱን ፈትቼ የትራስ ልብስ ላይ ሰፍቼዋለሁ። የተሰነጠቀው እንስራ ውስጥ ጤና አዳም ተክያለሁ፤ በስንጥቁ ውሃው ስለሚወርድለት ሥሩ አልበሰበሰም። ለቡናዬ ከዚያ ነው የምቀጥፈው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ወንድሜ የአሮጌውን ቤታችንን እንጨት ለማገዶ ነጋዴ ሊሰጠው እንደተስማማ ነገረኝ። እባክሽ አስቆሚው። ነጋዴው የሚከፍለውን እኔ እልካለሁ። ለኅዳር ሚካኤል ስመጣ ራሴ አስጭነዋለሁ። እስከዚያ መሬት ላይ አይተኛ፤ ከሥሩ ድንጋይ ይደርደርለትና በላዩ አሮጌው ቆርቆሮ ይደረግ። ጎንና ጎኑ ክፍት ይሁን፣ ነፋስ ይግባበት።

የመስኮቱን ሰማያዊ ቀለም ግን ማንም በደረቁ እንዳይፍቀው፤ በተለይ ልጆቹ አጠገቡ እንዳይደርሱ። የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው ብረት ይኖርበታል፣ አቧራው ለሕፃን መርዝ ነው። ያ ፀረ አረም የነበረበት ጀሪካንም ቢታጠብ ቢታጠብ ለውሃ አይሆንም። በሳስታችሁ አስቀምጡት።

የዋንዛውን ቆጥና የጥዱን ሳንቃ እወስዳለሁ። የወይራውን ምሰሶ ግን አልነካውም፤ እሱ የአንቺ ነው። ፈትል ስትፈትዪ ጀርባሽን የምታስደግፊው እሱ ላይ ነበር። አዲሱ ቤት በረንዳ ላይ እንዲያቆምልሽ ለወንድሜ ነግሬዋለሁ። ከጠዋት ፀሐይ በኩል ይሁን ወይስ ከጓሮ? አንቺ አሳዪው።

ልጅሽ