ጉዳዩ፦ ብሬ እናንተው ጋ ተቀምጦ እያለ ባለዕዳ ስላደረጋችሁኝ ክሬዲት ካርድ

ለባንኩ ካርድ ክፍል
ግልባጭ ለጅማው ቅርንጫፍ ስራ አስኪያጅ

ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ ጅማ ሂርማታ መርካቶ ቆርቆሮና የቤት እቃ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ፣ እናንተ ጋ አካውንት ከከፈትኩ አመታት ሆኖኛል፣ የሱቁ ሽያጭም እናንተው ጋ ነው የሚገባው። ስልክ ስደውል "ቅሬታዎ ተመዝግቧል"፣ ቅርንጫፍ ስሄድ ደግሞ "የካርድ ጉዳይ ዋናው መስሪያ ቤት ነው" እየተባልኩ ስለሰለቸኝ በጽሁፍ አመጣሁት። አዲስ አበባ እዚህ ጎረቤት አይደለም፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ሱቅ ዘግቼ ልመጣላችሁ አልችልም።

ካርዱን እኔ ለምኜ አልወሰድኩም። ሰራተኛችሁ ሱቅ ድረስ መጥታ "ለክፉ ቀን ይሆኖታል፣ ካልተጠቀሙበት ምንም አይቆረጥቦትም" ብላ ነው ያስፈረመችኝ። እውነትም ለክፉ ቀን ሆነኝ፣ እናቴ ታማብኝ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሳደርሳት ቲኬቱን በሱ ገዛሁ፣ መክፈያው ሳይደርስ ሙሉውን ከፈልኩ፣ ከዛ ወዲህ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። ስፈርም ደግሞ "የካርዱ ሂሳብ በመክፈያ ቀኑ ከቁጠባ ሂሳቤ ይቆረጥ" የሚለው ላይ ምልክት አድርጌያለሁ። የቅጹ ኮፒ እጄ ላይ አለ፣ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ፣ እባካችሁ እሱን ሳታዩ መልስ አትጻፉልኝ።

የሆነው ምን መሰላችሁ፣ ሐምሌ ላይ የአመት ክፍያ ብላችሁ 500 ብር ካርዱ ላይ ጫናችሁ፣ መክፈያው ነሐሴ 25 ነበር፣ የዛን ቀን ቁጠባዬ ላይ ከ80 ሺህ ብር በላይ ነበር (ስቴትመንቱን ራሳችሁ ናችሁ ማህተም አድርጋችሁ የሰጣችሁኝ)፣ ሲስተማችሁ ግን ያቺን 500 ብር መቁረጥ አቃተው። አልከፈለም ተባለና የዘገየበት 150 ብር፣ በወሩ ሌላ 150 ብር፣ በዛ ላይ ወለድ ተብሎ 31 ብር ከ40 ሳንቲም፣ ድምሩ 831 ብር ከ40። እንግዲህ አስቡት፣ ብሩ ያለው ከናንተው አንዱ ኪስ ውስጥ ነው፣ ሌላኛው ኪሳችሁ ነው አልተከፈለኝም ብሎ የሚቀጣኝ።

ምክንያቱን ቅርንጫፍ ያለ አንድ ልጅ ነው ያወቀልኝ። አካውንቴን ከፋይዳ መታወቂያ ጋር ሳስተሳስር ስልክ ቁጥሬንም አብሬ አስቀይሬ ነበር፣ ቁጠባው ላይ ተቀየረ፣ የካርዱ ሲስተም ግን ለብቻው ስለሆነ አሮጌው ቁጥር ላይ ቀረ፣ መረጃው ሲታደስ ደግሞ ካርዱን ከቁጠባው የሚያገናኘው ነገር ተቋረጠ። ስለዚ ብሩም አልተቆረጠም፣ ሜሴጁም የሚመጣው አሁን ማን እንደያዘው ለማላውቀው ሲም ካርድ ነው። ልጁ እውነቱን ስለነገረኝ አመሰግነዋለሁ፣ በዚህ ደብዳቤ ምክንያት እሱን እንዳትነኩብኝ። ሜሴጁ በእንግሊዝኛ ነው አሉ ደግሞ፣ ጅማ ላይ ለአፋን ኦሮሞና ለአማርኛ ተናጋሪ የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ የሚልክ ምን አይነት ሰው እንደሆነ እንጃ፣ ይሁን እሱ ሌላ ጣጣ ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለ831 ብር ብቻ አይደለም። ጥቅምት ሲመጣ እኛ ጋ ቡና ይለቀማል፣ ከማና፣ ከጎማና ከሰቃ ወረዳዎች ገበሬው ብር ይዞ ይወርዳል፣ ጣሪያ የሚቀይረው፣ ብርድ ልብስ የሚገዛው፣ ልጅ የሚድረው ያኔ ነው። የኛ የአመቱ ንግድ እስከ ታህሳስ ባሉት ወራት ያልቃል፣ ስለዚ ቀድመን ከአዲስ አበባ እቃ ማስገባት አለብን፣ ለሱ ነው ሌላ ባንክ ብድር የጠየኩት። ቤቱን አስገመትኩ፣ ወረቀቱ አለቀ፣ ጥቅምት 20 ሄጄ "ስምዎ ብድር መረጃ ማዕከል ላይ የተበላሸ ብድር ብሎ ይመጣል" አሉኝ፣ ባንኮች ማን ብድሩን እንደከፈለና እንዳልከፈለ የሚያዩበት ማለት ነው። እኔ ከማን ተበድሬ? የብድር ሰራተኛው ስክሪኑን አዙሮ ሲያሳየኝ የናንተ ካርድ ነው። በሰው ፊት አፈርኩ። የዛኑ ቀን ሄጄ ከነቅጣቱ ከፈልኩ፣ ብድሩ ግን እስካሁን ተይዟል፣ ጎረቤቶቼ ቆርቆሮ እያራገፉ ነው፣ እኔ ካለፈው አመት የተረፈኝን እሸጣለሁ።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ከነሐሴ 25 እስከ ጥቅምት 20 ጳጉሜን ጨምራችሁ ብትቆጥሩት 60 ቀን ነው። በብሔራዊ ባንክ አመዳደብ አንድ ብድር የተበላሸ የሚባለው 90 ቀን ካለፈው ነው፣ ከ30 እስከ 90 ቀን ያለው ልዩ ትኩረት የሚሻ ነው የሚባለው። ስለዚ ዕዳው በትክክል የኔ ነው ብንል እንኳን የላካችሁት መረጃ ስህተት ነው። ይሄን ለናንተ ባንከኞቹ ቆርቆሮ ሻጭ ማስረዳቱ ራሱ ይገርማል።

የምፈልገው ይሄ ነው። በመጀመሪያ ለመረጃ ማዕከሉ የላካችሁትን አስተካክሉ፣ ስህተቱ የናንተ ሲስተም መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤም በማህተም ስጡኝ፣ ያንን ለሌላው ባንክ አስገብቼ ብድሬን ላስለቅቅ፣ እሱ ከሁሉም ይቀድማል ምክንያቱም የቡናው ጊዜ አይጠብቀኝም። ቅጣቱንና ወለዱን 331 ብር ከ40 መልሱልኝ። 500 ብሩን በተመለከተ ሰራተኛችሁ ካልተጠቀሙበት አይቆረጥም ብላኛለች፣ ብሔራዊ ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚ ጥበቃ መመሪያም ክፍያን ቀድማችሁ በግልጽ እንድትናገሩ ያዛል፣ የተነገረኝ የት ላይ እንደሆነ አሳዩኝ ካልሆነ እሱንም መልሱ።

ስልክ ላይ ያገኘኋት ልጅ "ካርዱን በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይጠቀሙበት እንጂ እንዳይረሳ" አለችኝ፣ እሷ ምን ታድርግ የተባለችውን ነው፣ ግን አልፈልግም፣ ዝጉልኝ። ቀሪ ሂሳብ ዜሮ መሆኑንና መዘጋቱን የሚያሳይ ወረቀት ካልሰጣችሁኝ ግን ካርዱን አልመልስም፣ ሳይዘጋ ቀርቶ በሚቀጥለው ሐምሌ ሌላ 500 ብር እንዳትጭኑብኝ።

ህዳር 10 ድረስ በጽሁፍ መልስ ካላገኘሁ ይሄንኑ ደብዳቤ ከነቅጹና ከነስቴትመንቱ ለብሔራዊ ባንክ አስገባለሁ። የጽሁፉ መልስ ሲዘጋጅ ቁጠባው ላይ ባለው አዲሱ ቁጥሬ ደውሉልኝ፣ ካርዱ ላይ ባለው እንዳትደውሉ።