አባባ፣ ስለ መንገዱ ለጠየቁኝ

ውድ አባባ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ ስናወራ መስመሩ ተቆርጦ ጥያቄዎን ሳልመልስ ቀረሁ። «መንገዱ አንድ ከሆነ ስመጣ 16፣ 17 ሰዓት፣ ስመለስ ግን 13 ሰዓት የሚሆነው ለምንድን ነው?» ብለውኝ ነበር። ደስ አለኝ። ስለ መመለሻው ጉዞ የሚጠይቅ ሰው ለመምጣት ልቡ ቆርጧል ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በአየር ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። ርቀቱ ሲመጡም ሲመለሱም ያው ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ቦሌ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ስላለ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ክንፉም የሚደገፈው አየር ያንሰዋል። ይህን ለእርስዎ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ከአሰብ ጭነው ጣርማበርን ሲወጡ ኤንትሬ የጭነት መኪናዎ እንዴት ያቃስት እንደነበር ስንት ጊዜ አጫውተውኛል። አውሮፕላኑም ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ጭነት፣ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ በአንድ ላይ ይዞ ከቦሌ መነሳት ያቅተዋል። ስለዚህ ነዳጅ ቀነስ አድርጎ ይነሳና መንገድ ላይ ይሞላል። ለብዙ ዓመታት ሲሞላ የኖረው አየርላንድ፣ ደብሊን ላይ ነው። ካርታ ላይ ወደ ሰሜን የራቀ ይመስላል፤ ምድር ክብ ስለሆነች ግን ከመንገድ ብዙም አያስወጣም።

እዚህ ዋሽንግተን ያለው የዳለስ አየር ማረፊያ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። ሲመለሱ ሙሉ ነዳጅ ይዞ ተነስቶ አንድ ጊዜ እንኳን ሳያርፍ ቦሌ ይገባል። በዚያ ላይ ከፍታው ላይ ያለው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ከኋላ ይገፋዋል። ሲመጡ ደግሞ ያው ነፋስ ከፊት ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። ነዳጅ ሲሞላ ደረስን ብለው ዕቃዎን እንዳያነሱ። እዚያው ወንበርዎ ላይ ይቆዩ፤ ገና አትላንቲክን መሻገር ይቀራል። ሰው ሁሉ ሲተኛም እርስዎ አልፎ አልፎ ተነስተው በመተላለፊያው ይራመዱ። ረጅም ሰዓት መቀመጥ እግር ያሳብጣል፣ ደምም ሊያረጋ ይችላል። ውሃ አይሰልቹ። የግፊት ኪኒንዎን በእጅ ሻንጣ ይያዙ እንጂ ከሚጫነው ጋር እንዳያስገቡት። ማታ ተነስተው እዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ይገባሉ፤ ያኔ አዲስ አበባ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ኪኒኑን በየትኛው ሰዓት እንደሚውጡ ሐኪምዎን ቀደም ብለው ይጠይቁልኝ።

ዊልቸር አዝዣለሁ። «አልታመምኩም» እንደሚሉ አውቃለሁ፣ ግን እባክዎ እሺ ይበሉኝ። የፓስፖርቱ ሰልፍ ረጅም ነው፤ ከዚያ ሁሉ ሰዓት በኋላ እርስዎን እዚያ ማቆም አልችልም። ዊልቸሩን የሚገፋው ሰው እስከ መውጫው ያደርስዎታል፤ እኔና ልጆቹ እዚያ እንጠብቅዎታለን።

ቋንጣ እንዳይልኩብዎት ለእታባ ይንገሩልኝ፤ ሥጋ እዚህ አያስገቡም። በርበሬና ሽሮ ይበቃናል፤ ሲጠይቁዎት መያዝዎን ይናገሩ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ። ቲኬቱን አጠገብዎ አድርገው ይጠብቁኝ፤ አብረን እናነበዋለን።

የምትናፍቅዎት ልጅዎ