የፊልም ክበብ ዘገባ፦ አንድ ወሬ፣ አምስት ድራማ

ክበባችን ዘንድሮ አንድ አጭር ፊልም ሠርቷል። «ሦስተኛው ስኒ» ይባላል። በወላጆች ቀን አይታችሁታል። ርዝመቱ 12 ደቂቃ ነው። ካሜራ የነካነው ግን ከሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ሁሉ በወሬ፣ በክርክርና በወረቀት አለፈ። «ቲቸር፣ መቼ ነው የምንቀርፀው?» የማይለኝ ልጅ አልነበረም። ይህን ዘገባ የምጽፈው በአብዛኛው ስለዚያ ጊዜ ነው። የዓመቱ ትልቁ ሥራ እዚያ ተሠርቷልና።

ልጆቹ መስከረም ላይ ሲመዘገቡ ምን ዓይነት ፊልም እንደሚፈልጉ ጠይቄያቸው ነበር። ሁሉም ማለት ይቻላል «ድራማ» አሉ። ድራማ ግን አንድ ነገር አይደለም። የቤተሰብ ድራማ አለ፣ የፍርድ ቤት አለ፣ ታሪካዊ አለ፣ ማኅበራዊ አለ፣ ሜሎድራማ አለ። እነዚህ ንዑስ ዘውጎች ፊልሙ ካለቀ በኋላ ፖስተር ላይ የሚለጠፉ ስሞች ይመስሉናል። እኔ ግን ስክሪፕት ከመጻፉ በፊት መመረጥ አለባቸው ባይ ነኝ። ታሪኩን በማን ዓይን እናየዋለን? ተመልካቹ ምን ይሆን ብሎ ይጠብቃል? የትኛውን ትዕይንት እንተወዋለን? መልሱን የሚሰጠን ንዑስ ዘውጉ ነው።

ወሬውን ያመጣችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። አጠገቧ የምትቀመጥ ጓደኛዋ ድንገት ቀረች፤ ቆይቶ ዓረብ አገር ሄደች ተባለ። ይኸው ነው። ወሎ ውስጥ ደግሞ ይህን ወሬ የማያውቅ ቤት የለም። በአፋር አድርጎ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ፤ ልጆቹ መንገዱን ከጂኦግራፊ መጽሐፋቸው ሳይሆን ከዘመድ ነው የሰሙት።

ይህንኑ ወሬ ለአምስት ቡድን ሰጠነው። እያንዳንዱ ቡድን በአንድ ንዑስ ዘውግ አንድ ገጽ ይጽፋል።

የማኅበራዊ ድራማው ቡድን ደላላውን፣ ሥራ አጥነቱን፣ የመሬት ጥበቱን፣ ጎረቤት የሠራውን አዲስ ቆርቆሮ ቤት ሁሉ አስገባ። ጥሩ ነበር፤ ግን ገጹ አልበቃቸውም። ማኅበራዊ ድራማ «ይህ ነገር ለምን ይሆናል?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ብዙ ሰው፣ ብዙ ቦታ ይፈልጋል። በረሃውንና ጀልባውን ከየት እናመጣለን? ታሪካዊ ድራማ የፈለጉት ደግሞ ወሬውን ወደ ንጉሥ ሚካኤል ዘመን ወሰዱት። አይጠየፍ አዳራሽ እዚሁ ደሴ ስላለ ቦታው ቀላል መስሏቸው ነበር። ልብሱና ፈረሱ ሲሰላ ግን ራሳቸው ተዉት።

የፍርድ ቤቱ ቡድን ልቤን ሰርቆታል። የሥነ ዜጋ መምህራችን በሰው መነገድንና በሕገ ወጥ መንገድ ማሻገርን የሚከለክለውን አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ይዘውላቸው መጡ። «ድፍረት» የተባለውን ፊልም እንደ ምሳሌ አነሣን። በጠለፋ ላይ የተነሣ እውነተኛ ክስ ላይ ተመሥርቶ የተሠራ ነው፤ በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። የፍርድ ቤት ድራማ ጉልበቱ ግልጽ ነው፤ ሁለት ወገን ፊት ለፊት ይቆማል፣ እያንዳንዱ ቃል ማስረጃ ይሆናል። የእኛ ልጆች ገጽ ላይ ደላላው ዳኛው ፊት ቆሞ «እሷ ራሷ ናት የለመነችኝ» ይላል። ከዚህ የተሻለ ዓረፍተ ነገር ዓመቱን ሙሉ አልተጻፈም። ከዚያ አንዱ ልጅ እጁን አወጣና «ልጅቷ ግን የት አለች?» አለ። እውነቱን ነው። ልጅቷ ሳዑዲ ናት፤ ችሎቱ ላይ የለችም። ስለ እሷ የሚሠራው ፊልም እሷን ሊያጣት ነው። ቡድኑ ገጹን አጥፎ አስቀመጠው።

ትልቁ ጠብ የተነሣው በሜሎድራማው ላይ ነው። እናት ታለቅሳለች፣ ትዝታ ይመታል፣ አስከሬን ይመጣል። ግማሹ ክበብ ወደደው፣ ግማሹ «በቃን» አለ። አንዲት ልጅ ተነሥታ «ወሎ በካሜራ የሚታየው ሁሌ ሲያለቅስ ነው» አለች።

ንግግሯ ስለ 1966ቱ ረሃብ እንድነግራቸው አደረገኝ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ መጥቶ የቀረፀው ዘጋቢ ፊልም በዚያ ዓመት ጥቅምት በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ያየው ሕዝብ ገንዘብ አዋጣ። ያው ምስል ከዓመት በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ተቀጣጥሎ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ቀረበ። እንግሊዝ አገር «እንዴት እንርዳ?» ያስባለ ምስል፣ እዚህ «ጥፋተኛው ማነው?» አስባለ። የተራበው ሰው አልተለወጠም። የተለወጠው ምስሉ የቀረበበት መንገድ ነው። ልጆቹ ንዑስ ዘውግ ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባቸው ብዬ አስባለሁ፤ ምንም እንኳ ያ ድራማ ሳይሆን ዘጋቢ ፊልም ቢሆንም።

ሜሎድራማን እኔ አልንቅም። ሕዝባችን የሚወደው ነው፤ በደንብ ሲሠራ ሰውን ከልቡ ያስለቅሳል። ግን ዕንባ ጊዜ ይፈልጋል። ሰው የሚያለቅሰው ላወቀው ሰው ነው። በአሥራ ሁለት ደቂቃ ውስጥ አስተዋውቀን፣ አስወድደን፣ ገድለን፣ ማስለቀስ አንችልም። የቀረን ዘፈኑ ብቻ ይሆናል።

የመጨረሻው ቡድን ወሬውን ቤት ውስጥ አስገባው። የምትሄደውን ትቶ የምትቀረዋን ተከተለ። ጓደኛዋ «ለማንም እንዳትነግሪ» ብላ ምሥጢሯን ነግራታለች፤ ጉዞው ነገ ሌሊት ነው። አሁን የጓደኛዋ እናት ቤት ቡና ተጠርታለች። ትናገራለች ወይስ ዝም ትላለች? በአንድ በኩል የቤተሰብ ድራማ ነው፤ በሌላ በኩል አንዲት ልጅ የአዋቂ ሸክም የምትሸከምበት፣ እኛ «የማደግ ድራማ» ያልነው ዓይነት። ሁለት ንዑስ ዘውግ ማጋባት ይቻላል፤ አንደኛው ግን አውራ መሆን አለበት። ልጆቹ ማደጉን አውራ አደረጉ። ስለዚህ ካሜራው ከእሷ አይለይም፤ እሷ ያላየችውን ተመልካቹም አያይም። ደላላው ድምፁ እንኳ ሳይሰማ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ስክሪፕቱ ራሱን ጻፈ ማለት ይቻላል። የወሎ ቡና መቼም መዋቅር አያጣም። በአቦሉ እናትየው ቆሎ እያቀረበች «ልጄ ሰሞኑን ዝም ብላለች፣ ምን ሆና ነው?» ትላለች። ልጅቷ «ፈተና ስለደረሰ ነው» ብላ ትዋሻለች። በቶናው ጎረቤት ይገባል። የአንዷ አንገት ላይ ማተብ አለ፣ ሌላዋ ሂጃብ ለብሳለች፤ ዱዓው ሲደረግ ሁለቱም እኩል «አሚን» ይላሉ። ከምርቃቱ መሀል «ልጆቻችንን ከዓይናችን አያርቅብን» የሚል አለ። እዚህ ላይ ካሜራው የልጅቷን እጅ ብቻ ያያል። ስኒውን በሁለት እጇ ጨብጣዋለች፤ አትጠጣም። በበረካው እናትየው «ጠጪ እንጂ ልጄ፣ ይቀዘቅዛል» ትላታለች። ልጅቷ ቀና ትላለች፣ አፏን ትከፍታለች። ፊልሙ እዚያ ያልቃል። ከወላጆች ቀን በኋላ «ነገረቻት ወይስ አልነገረቻትም?» ብለው የጠየቁኝ ወላጆች ብዙ ናቸው። ልጆቹ ራሳቸው አልተስማሙም።

ቀረፃው በስልክ ነው የተሠራው። የደሴ ጉም ከጦሳ ወርዶ የጠዋቱን ትዕይንት ሁለቴ አሰናክሎብናል። ቡናው መሀል የገባውን አዛን ግን ሆን ብለን አላወጣነውም፤ ለቤቱ የሚገባው ድምፅ ነበርና። ለማጀቢያ ትዝታውን ትተን አምባሰልን መረጥን፤ የክራሩ ደርዳሪ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ቤታቸውን፣ ጀበናቸውንና ትዕግሥታቸውን ለሰጡን እናት፣ ኤዲቱን እንድንሠራ ኮምፒውተር ላቆዩልን የአይሲቲ መምህር ከልብ እናመሰግናለን።

ለሚቀጥለው ዓመት ክበቡ የያዘው ሐሳብ ሳቅና ሐዘን የተቀላቀሉበት ድራማ ነው። ከሁሉም ከባዱ እሱ ይመስለኛል። የሚያስፈልገን አንድ ደህና ማይክሮፎን ነው፤ የዘንድሮው ንግግር በከፊል በደንብ አልተሰማም። ምዝገባ መስከረም ላይ በሚኒ ሚዲያ ክፍል ነው። የምትመጡ ልጆች ካሜራ ባትይዙም ምንም አይደል፤ ከቤታችሁ አንድ ወሬ ይዛችሁ ኑ።