ከታች ያሉት

ሰሚዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹስ? ድምፄ የጠፋው ትምህርት ጀምሬ ነው። በዚህ ዕድሜ? ትያለሽ። አዎ፣ በዚህ ዕድሜ፤ የአካባቢ ጤና፣ ማስተርስ፣ እዚሁ ጅማ።

የማነበው ሁሉ ስለ ብክለት ነው፤ በተለይ ጣጣው ማን ላይ እንደሚያርፍ። ቦፓልን ታስታውሻለሽ፣ በፈረንጆቹ 1984 ሕንድ ውስጥ መርዛም ጋዝ ያመለጠበትን ፋብሪካ። አጥሩን ተጠግተው ጎጆ የቀለሱት ድሆች ናቸው ቀድመው ያለቁት። እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ የጃፓኑ ሚናማታ ነው። ፋብሪካው ሜርኩሪ የሚባለውን መርዛም ብረት ወደ ባሕር ይለቃል። ሜርኩሪው ዓሣው ውስጥ ይገባል፤ ዓሣውን የበላ ድመቱም ሰዉም ይታመማል። በሽታው በይፋ የታወቀው በፈረንጆቹ 1956 ነው። በ1959 የፋብሪካው የራሱ ሐኪም ፍሳሹን ለድመት አብልቶ ምክንያቱን ደረሰበት፤ አፉን አስያዙት። ፍሳሹ የቆመው በ1968! ዓሣ አጥማጆቹ ለካሳ ሲጮኹ ደግሞ የገዛ ከተማቸው ሰው ፊት ነሳቸው። ፋብሪካው እንጀራው ነዋ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ቡናችንን በድሮ ዓይኔ ማየት አቃተኝ። (የአዌቱን ወንዝ ተይው፣ እሱ የከተማውን ጉድ ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚያልፈው።) የታጠበ ቡና ዋጋው ደህና እንደሆነ ታውቂያለሽ። ቀዩ እሸት ይፈለፈላል፣ ገንዳ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ያ የሚያዳልጠው ነገር እስኪለቅ ይታጠባል። ውሃው ስኳር ተሸክሞ ወንዝ ይገባል። ስኳሩን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ይጨርሱታል፤ ሌላው ፍጥረት ታፍኖ ይሞታል። ክፋቱ ደግሞ ቡና የሚታጠበው ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ በሚጎድልበት ወቅት ነው።

ኅዳር ላይ ለመመረቂያ ጽሑፌ ከከተማ ወጣ ወዳለ፣ ቡና ማጠቢያ ወዳለበት ቀበሌ ሄድኩ። ከማጠቢያው በላይ የወንዙ ጠጠር ይታያል። ከታች ውሃው ጠቁሮ፣ አረፋ ይዞ፣ እንደ ከረመ ጠላ ይሸታል። የኦክስጅን መለኪያውን ብነክረው ቁጥሩ ወደ ዜሮ ተንደረደረ። አንዲት እናት ጀሪካን ይዘው ቆመው ያዩኛል።

«አዴ፣ ከዚህ ይቀዳሉ?» አልኳቸው።

«ድሮ እንቀዳ ነበር። አሁን ከብቱም አሻፈረኝ ይላል።» ከዚያ እስክሪብቶዬን አዩና፣ «አንቺም ጽፈሽ ትሄጃለሽ? ከአንቺ በፊት የመጡትም ጽፈው ሄደዋል።»

ምን ይመለስላቸዋል? ልጃቸው እዚያው ማጠቢያው ላይ ነው የሚሠራው። ይዘጋ ቢባል መጀመሪያ የሚቃወሙት እሳቸው ናቸው። ይዘጋ የሚለውን እኔም አልወደውም። ጉድጓድ ቆፍሮ ፍሳሹን ማጠራቀም፣ የመፈልፈያውን ውሃ መልሶ መጠቀም፣ ገለፈቱን ወንዝ ዳር ከመከመር ኮምፖስት ማድረግ ይቻላል። ውሃ የሚቆጥብ ማሽንም አለ። ወጪ አለው ይሉኛል። ወጪው አሁንስ መች ቀረ? ከፋዩ ከታች ያለው ሰው ሆነ እንጂ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። አንቺ የሕግ ሰው ነሽ። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ ጥቅሜ ተነካ ማለት ሳያስፈልገው፣ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል ይላል። በ30 ቀን ውሳኔ ካላገኘ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ወረቀት ላይ ሲያምር! ግን ልጁ የሚበላበትን ቤት ደፍሮ የሚከስ ማን ነው? እኔ ልክስ ብል ደግሞ እኔ ወደ ቤቴ እገባለሁ፣ ጣጣው ለእሳቸው ይተርፋል። እስቲ ምከሪኝ፤ የማጠቢያውን ባለቤት መጀመሪያ በሽማግሌ ማነጋገር ይሻላል ወይስ ቀጥታ አቤቱታ? ልኬቱ እጄ ላይ አለ። አቤቱታው እንዴት እንደሚጻፍ ግን አላውቅም። የሕግ ቋንቋ ሳይበዛበት በአንድ ገጽ አድርገሽ ላኪልኝ። በአፋን ኦሮሞ ቢሆን ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል፤ ለሴትየዋና ለጎረቤቶቻቸው ላነብላቸው ነው።

የዘንድሮው እሸት ሳይደርስ ቢሆን ጥሩ ነው። ስልኬ ያው የድሮው ነው። እማማን ሳሚልኝ።

ያንቺው